ጎሉ የማን ነው?

(በጫኖ ለእግር ኳስ ቡድናችን አባሎችና ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ጎል በገባብን ቁጥር ጣታችንን የምንቀስረው በበረኛው ላይ ነው። ጥፋቱ በእውነት የእርሱ ብቻ ነውን?

ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበትን የ2005 ዓ.ም. ውድድር እናስታውስ። ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ከ4ቱ ጎሎች 3ቱ የገቡት የተጋጣሚያችን በረኛ በቀይ ካርድ ወጥቶ 10 ሰው ከቀራቸው በኋላ ነበር! በእኛ አስተያየት፣ በቁጥር በለጥን ብሎ ሁሉም ወደ ፊት ሲሮጥ ከኋላ የሚቀረው ባዶ ሜዳ ነው።

ጥር 21 ቀን ናይጄሪያን 80 ደቂቃ ያህል ገትረን ያዝን። ከዚያ በራሳችን ክልል በሠራነው ጥፋት 2 ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ቪክተር ሞሰስ ሁለቱንም አገባ። በረኛችንም በቀይ ካርድ ወጣ። የደከመ ተከላካይ አስቀድሞ መንገድ ከመዝጋት ይልቅ ዘግይቶ እግሩን ይሰነዝራል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የጫኖ ገበሬ ከሐሬ ወንዝ የጠለፈው ውሃ ሙዙ ዘንድ ሳይደርስ ቢቀር፣ ቦዩ የተናደበትን ቦታ ወደ ላይ ሄዶ ይፈልጋል እንጂ ሙዙን አይወቅስም። እኛም ኳሱን ከተነጠቅንበት ቦታ እንጀምር። አጥቂው ለምን አልተመለሰም? አማካዩ ማንን ያዘ? ተከላካዮቹስ ተነጋግረዋልን?

ባለፈው ግጥሚያ 3 ጎል የገባበት በረኛችን ስድባችንን ሰምቶ ማልያውን መልሷል። ዛሬ ማታ ሁላችንም ሄደን እንለምነው፤ የሁላችንን ስሕተት ብቻውን ሊሸከም አይገባውም።