ኳስን ከነቤተሰብ ማየት

(በአጋሮ አካባቢ ለማታ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ፊደል አይደለም፤ ስለ ኳስ ነው። «ይህ ልጅ ፊደል ሊያስተምረን መጥቶ ደግሞ ኳስ አመጣብን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ነገሩን ያነሣሁት እኔ አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት በኋላ አንዲት እናት ቀረት ብለው፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። የዐሥር ዓመት ልጃቸው ጅማ ሄጄ ኳስ ካላየሁ እያለ ያስቸግራቸዋል። ብቻውን እንዳይልኩት ይፈራሉ። አብረውት እንዳይሄዱ ደግሞ፣ «እኔስ ስታዲየም መግባት ይፈቀድልኛል ወይ?» አሉኝ።

«አዎን» ብዬ ለመመለስ አፌን ከፈትሁና ዝም አልሁ። እኅቴ ትዝ አለችኝ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ታናሽ እኅቴን ይዤ ወደ አንድ ስታዲየም ሄድሁ። የከተማውን ስም አልጠራም። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የተከፈተው በር አንድ ብቻ ነበር። ከኋላ ሰው ይገፋል፤ ከፊት በረኛው ይመልሳል። እኅቴ አንድ እግር ጫማዋን እዚያው ጥላ ገባች። ከገባን በኋላ ደግሞ ከኋላችን የተቀመጡት ዳኛውን በእናቱ ይሰድባሉ። ሽንት ቤት ብትፈልግ ለሴት የሚሆን የለም። ዕረፍት ሳይደርስ ወጣን። ከዚያ ወዲህ «ኳስ እንሂድ» ስላት፣ «መጀመሪያ ጫማዬን አምጣልኝ» ትለኛለች።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። በአገራችን ሴት ስታዲየም እንዳትገባ የሚከለክል ሕግ የለም። ይሁን እንጂ መፈቀድና መቻል ለየቅል ናቸው። በሩ ክፍት ሆኖ መንገዱ የሚያስፈራ ከሆነ ተከለከለ ማለት ነው።

አንዳንድ አባቶች «ኳስ የጎረምሳ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ምን ያደርግበታል?» ይሉ ይሆናል። እስቲ ወደ አገራችሁ ታሪክ እንመልከት። የኢትዮጵያ እግር ኳስ አባት የሚባሉት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የጅማ ሁለት ክለቦችም ፕሪሚየር ሊግ ደርሰዋል። አንዱ አባ ቡና ነው፤ ስሙን ከእናንተ ማሳ ወሰደ። ሁለተኛው አባ ጅፋር ነው፤ ስሙን ከጅማው ንጉሥ ወሰደ። አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። በ2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብፁን አል አህሊን ገጠመ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቢወድቅም በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ።

ያን ዋንጫ የጎረምሳ ብቻ ነው ማን ይላል? ቡናውን የምትለቅመው እናት ናት፤ ጀንፈሉን የምታሰጣው ልጅቱ ናት። በስማቸው የተጠራ ቡድን ሲጫወት እነሱ ቤት ይቀሩ ማለት ፍርድ አይደለም።

ደግሞም ልጆች ስታዲየም ባይገቡ ኳስ ማየት አይተዉም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ጅማም በዚያው ዓመት ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። ተራው የሌላ ከተማ ሲሆን ልጆቻችን የሚሄዱት ወዴት ነው? ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ቤቱ ጨለማ፣ ጭሱ ብዙ፣ ጫት የሚቅመው ብዙ፣ ስድቡ ከጭሱ የባሰ። እናት በዚያ በር አታልፍም። ልጁ ግን ያልፋል። ኳሱን አብረነው ብናይ ኖሮ ኳሱን ብቻ ይማር ነበር፤ ብቻውን ስንሰደው ግን ስድቡንም ይማራል።

ቤተሰብ ሲገባ ሜዳው እንደሚለወጥ አንድ ምስክር ላንሣ። በቱርክ አገር የፌነርባቼ ክለብ ደጋፊዎች ባደረሱት ረብሻ ክለቡ ያለ ተመልካች እንዲጫወት ተፈርዶበት ነበር። በኋላ ግን በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሴቶችና ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብቻ በነጻ ይግቡ ተባለ። ከ41 ሺሕ በላይ እናቶችና ልጆች መጡ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ተጫዋቾቹም ለተመልካቹ አበባ ወረወሩ። ወንዶች ለዘላለም ይባረሩ ማለቴ አይደለም። ኳስን የሚወድ ሰው አለመሳደብ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

አሁን ደግሞ ክፉውን ልናገር። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ፣ ማላንግ በሚባል አካባቢ፣ ፖሊስ ተመልካቹ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ሕዝቡ ወደ መውጫዎቹ ሮጠ፤ በሮቹ ጠበቡት። 135 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙ ልጆች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ግፊያ ሰው የሚሞተው ተረግጦ ብቻ አይደለም፤ ደረቱ ተጨፍልቆ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነው። ቆሞ እንዳለ ይሞታል። ስለዚህ የእኅቴ ጫማ ቀላል ነገር አይደለም። ጫማ የሚያስጥል በር ነፍስም ያስጥላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከባለ ሜዳዎች የምንጠይቀው አለ። ለእናቶችና ለልጆች የተለየ በር ይኑር። ለሴቶች ሽንት ቤት፣ ለሁሉም የሚጠጣ ውኃ ይኑር። በር ላይ ሴት ፈታሾች ይቁሙ። የልጅ ትኬት ይርከስ። ጨዋታው ከአጋሮ የመጣ ሰው በቀን ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት ይሁን፤ የሶላት ሰዓትም ይታሰብበት። ይህ ለክለቡም ይበጃል። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት የከተማ አስተዳደርና የመንግሥት ድርጅት በሚመድብላቸው በጀት ነው። አባት ብቻውን ሲመጣ አንድ ትኬት ይገዛል፤ ከነቤተሰቡ ሲመጣ አራት ይገዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

እኛም ማድረግ የምንችለው አለ። አንደኛ፣ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ሁለተኛ፣ እንደ ተቀመጣችሁ የቅርቡን መውጫ ተመልከቱ፤ በገባችሁበት ብቻ መውጣት ግድ አይደለም። ሦስተኛ፣ ልጅን ከአጥሩ ሥር አታስቀምጡ። አራተኛ፣ ጨዋታው ሲያልቅ አትሩጡ፤ ሕዝቡ እስኪቀል ተቀመጡ። የሚያመልጥ ኳስ የለም፤ አልቋል። አምስተኛ፣ ከተጠፋፋችሁ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ለልጁ አሳዩት። ስድስተኛ፣ አጠገባችሁ የሚሳደብ ቢኖር አባቶች በእርጋታ «ልጆች አሉ እኮ» በሉት። ብዙው ሰው የሚሳደበው ሃይ የሚለው ስለሌለ ነው።

ትምህርቱንም እዚሁ መጀመር እንችላለን። እሑድ የቀበሌያችን ወጣቶች ሜዳ ላይ ይጋጠማሉ። እስከ ዛሬ እናቶች የሚያዩት ከአጥር ማዶ፣ እንስራ እንዳዘሉ ቆመው ነው። ከዚህ ክፍል ሁለት አግዳሚ ወንበር አውጥተን ከጥላው ሥር ብናኖርላቸው ምን ይጎድለናል? ወጣቶቹን ጠይቄያቸው እንሸከማለን ብለዋል።

ለጠየቁኝ እናት የምመልሰው እንዲህ ነው። ይፈቀድልዎታል። ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። በሩ ቢያስፈራዎ ግን አይግፉ፤ ይመለሱና «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄዎንም አሁን በገዛ እጅዎ መጻፍ ይችላሉ። ትኬቱ ላይ ያለውን የበር ቁጥርም ያነባሉ፤ ማንም ወዲያና ወዲህ አያንከራትትዎትም።

የዛሬው የቤት ሥራ አጭር ነው። በትንሽ ወረቀት ላይ የልጃችሁን ስም፣ የእናንተን ስም፣ የቀበሌያችሁን ስምና የስልክ ቁጥር ጻፉ። ነገ ማታ አምጡልኝና አብረን እናርመው። ከዚያ አጣጥፋችሁ ኳስ በምትሄዱበት ቀን ልጁ ኪስ ውስጥ ክተቱት። ልጅ ቢጠፋ ወረቀቱ ይናገርለታል።