ሕዝብን ስለ መቍጠር
(በነፋስ ስልክ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)



ድግስ የሚደግስ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይመጣል?» ብሎ ነው። ቍጥሩን ሳያውቅ ቢደግስ፥ ወይ እንጀራው ይተርፋል፥ ወይ እንግዳው ጦሙን ያድራል። መንግሥትም የልጆችን ቍጥር ሳያውቅ ትምህርት ቤት ቢሠራ፥ በአንዱ ስፍራ ወንበሩ ባዶ ይቀራል፤ በሌላው ስፍራ ልጆች መሬት ላይ ይቀመጣሉ።

አባቶቻችን ሰው መቍጠርን ይፈሩ ነበር። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ መቅሠፍት እንደ ወረደ በመጽሐፍ ተጽፎአል። ነገር ግን ሙሴም በምድረ በዳ ሕዝቡን በየነገዱ ቈጥሮአል፤ ያውም በእግዚአብሔር ትእዛዝ። እንግዲህ ጥፋቱ ከመቍጠሩ ሳይሆን ከሚቈጠርበት ምክንያት ነው።

የአገራችን ሕዝብ በ1976፥ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተቈጥሮአል። በ1987 ከ53 ሚሊዮን በላይ የነበረው፥ በ1999 ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። በ12 ዓመት ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጨመረ ማለት ነው። በዚያም ጊዜ ከ100 ሰው 84ቱ የገጠር ነዋሪ፥ 45ቱ ደግሞ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ነበር።

ቈጠራ ለአንዲት መንደር ምን እንደሚጠቅም ከህንድ አገር እንማር። በዚያ አገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1881 እስከ 2011 በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቈጠር ነበር። የ2011ዱ መዝገብ ለየመንደሩ የቤቱን ብዛት፥ የወንዱንና የሴቱን ቍጥር፥ ከ7 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናትና ፊደል የቈጠሩትን ለይቶ ያሳያል። የመንደሩ መምህር ይህን አይቶ ስንት ልጅ ወደ እርሱ እንደሚመጣ አስቀድሞ ለማሰብ ይችላል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ላፍቶ፥ ጀሞና ለቡ እህል የሚታጨድባቸው የገበሬ መንደሮች ነበሩ፤ ዛሬ በእርሻው ላይ ፎቅ ቆሞአል። በ1999 ቈጠራ የነፋስ ስልክ ላፍቶ ሕዝብ ከ3 መቶ ሺህ በላይ ነበር። ለ2011 ዓ.ም. ታስቦ የነበረው ቈጠራ ግን ተላለፈ። በ1999 የተወለደው ሕፃን ዛሬ ለአቅመ አዳም ደርሶአል። መምህራን ሆይ፥ ዛሬ በፊታችሁ ፊደል የሚቈጥሩት ሕፃናት በዚያ መዝገብ ውስጥ አንዳቸውም የሉም።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥን? አይገባም። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልደት፥ ጋብቻ፥ ፍቺና ሞት በሕግ ይመዘገባሉ፤ ልደት በ90 ቀን፥ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሽማግሌዎች ሆይ፥ ለክርስትናም ሆነ ለአቂቃ በተጠራችሁ ጊዜ ከመረቃችሁ በኋላ «ልጁ ተመዝግቦአልን?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህራንም የተማሪውን ስም ስትጽፉ፥ በቤት የቀሩትን ወንድሞቹንና እኅቶቹን ጠይቃችሁ ጻፉ። ይልቁንም ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታገለግለውን ልጅ አትርሱ። አባወራው «ልጆችህ ስንት ናቸው?» ቢባል እርስዋን አይቈጥራትም፤ ወላጆችዋም ርቀው ሳሉ ስለ እርስዋ የሚናገር የለም።

ያልተቈጠረ ልጅ ወንበር አይሠራለትም፥ መጽሐፍም አይታተምለትም። ስለዚህ ማንም ልጅ ከቍጥር እንዳይጐድል አደራ እላችኋለሁ።