ልሳን፦ የአካል ስም፣ የሕዝብ ድምፅ
(በኦቾሎ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ውኃው ሥራ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ቃል እንመልከት፤ ልሳን። ቃሉ የግእዝ ነው፤ የዐረብኛው ሊሳንና የዕብራይስጡ ላሾን ዘመዶቹ ናቸው። በግእዝ ልሳን በአፍ ውስጥ ያለው አካል ነው፤ ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋም ነው። ግእዝን ራሱን ሊቃውንት ልሳነ ግእዝ ይሉታል። አማርኛ ግን ሁለቱን ለያያቸው፤ ለአካሉ ላሰ ከሚለው ግስ የወጣውን ምላስን ሰጠ፤ ልሳንን ለቋንቋና ለማኅበር ድምፅ አስቀረ። ስለዚህ ጋዜጣ የድርጅት ልሳን ይባላል እንጂ ምላስ አይባልም፤ ምላሰኛ ማለትማ ነቀፋ ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ስብሰባ የውኃውን ኮሚቴ መተዳደሪያ ደንብ በአማርኛ አነበብን፤ «ተስማማችሁ?» ብለን ጠየቅን፤ «እሺ» ተባለ፤ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። ከጉባኤው ስንወጣ አንዲት እናት የወሩ መዋጮ ስንት እንደ ሆነ ጎረቤታቸውን በጋሞኛ ሲጠይቁ ሰማን። እኚህ እናት ምላስ አላቸው፤ በጉባኤያችን ግን ልሳን አልነበራቸውም። ጥፋቱም የእኛ ነው።

በጋሞ ምድር ሸንጎ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶች የጋራውን ጉዳይ በዱቡሻ ተቀምጠው በቋንቋቸው ይመክራሉ። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ፖለቲካ ባሳተመው መጽሐፍ ያጠናው የዚችኑ የኦቾሎን ሸንጎዎች ነው። በበዓለ ጰራቅሊጦስም ሐዋርያት በአገሩ ሁሉ ቋንቋ ተናገሩ እንጂ ሰሚዎቹ ቋንቋቸውን እንዲተዉ አልተጠየቁም።

እንግዲህ ሦስት ነገር እናደርጋለን። ደንቡ በጋሞኛ እንደ ገና ይነበባል። መዋጮው፣ የውኃ ተራውና የጥገናው ኃላፊነት አንድ በአንድ ይነገራል። ከመፈረማችን በፊትም ከተሰብሳቢው መካከል፣ በተለይ ውኃ ከሚቀዱት እናቶች፣ የተወሰነውን በራሳቸው ቋንቋ መልሰው ይነግሩናል። የነገሩን ከጻፍነው ቢለይ የሚታረመው ጽሑፋችን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።