ከማጀት የሚወጣ ጭስ

እሷ፦ ዛሬ ወሬያችን ጭስ ከጭንቀትና ከድብርት ጋር ያለው ዝምድና ነው። በደነባና በአካባቢው ደጋ ዛፉ ጥቂት ነው፤ እንጀራው በኩበት ይጋገራል፣ ብርዱ ደግሞ በር ያስዘጋል።

እሱ፦ ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል። ጭንቀትና ድብርት ግን ከየት መጡ?

እሷ፦ ከደቂቁ ብናኝ። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰው ከሳንባ ወደ ደም ዘልቆ ብግነት ያስነሳል፤ አንጎልም ከዚያ አይተርፍም። በብሪታንያ ወደ 390 ሺህ ሰዎችን ለ11 ዓመት ገደማ የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አየሩ በከፋበት ድብርትና ጭንቀት በዝተው እንደሚገኙ አሳይቷል።

እሱ፦ ቆይ እንጂ! ያ የውጭ አየር ነው። ደግሞ ኩበት የሚያነድ ሰው የማዳበሪያ ዋጋ አለበት፣ የልጅ ደብተር አለበት። ሁሉን በጭስ ማላከክ ይቀላል።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ ጥናቱም ዝምድናውን እንጂ መንስኤውን አልቆረጠም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቂቁ ብናኝ የ24 ሰዓት ያስቀመጠው ልክ በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው፤ በሦስት ጉልቻ እሳት የሚነድበት ዝግ ቤት በመቶዎች ይቆጥራል። የሚተነፍሱትም ጋጋሪዋና ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

እሱ፦ ኩበቱ ባይነድማ ለማሳው ፍግ ይሆን ነበር።

እሷ፦ መተኪያ ሲገኝ! «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን ይቀንሳል፤ ጭስ መውጫ ከሌለ ግን የቀረው ጭስ እዚያው ነው።

እሱ፦ መውጫ መክፈት ይህን ያህል ይከብዳል?

እሷ፦ ቤት ሲሠራ የሚወስነው አባወራው ነዋ። ምጣዱ ጋ የሚቀመጠው ግን እሱ አይደለም።