ከባድ ሱዶኩ በግምት አይፈታም

እብናትም ሆነ ደብረ ታቦር ሆናችሁ ለምታዳምጡን፣ ለዛሬው እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ሱዶኩ በቁጥር ቢጻፍም መደመር እንኳ የለበትም፤ ሥራው ማጥፋት ነው። ከባዱ ላይ ስንደርስ ግን ወደ ግምት እናዘነብላለን። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን በሚወጣበት በባሕረ ሐሳብ ስሌት፣ አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉት ቁጥሮች ተደምረው 30 ካልመጡ ስሕተቱ ወዲያው ይያዛል፤ የሱዶኩ ግምት ግን ብዙ ሳጥን ከሞላ በኋላ ነው የሚያጋልጠን። ስለዚህ በየባዶው ሳጥን ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በትንሹ ጻፉ። በአንድ ረድፍ ሁለት ሳጥኖች 4 እና 7ን ብቻ ከያዙ፣ የትኛው የት እንደሚገባ ባይታወቅም ሁለቱ ከረድፉ ሌሎች ሳጥኖች ይሰረዛሉ። በሁለት ረድፎች 5 ሊገባ የሚችለው በተመሳሳይ ሁለት ዓምዶች ብቻ ከሆነም፣ በዓምዶቹ ከቀሩት ሳጥኖች 5 ይወጣል።

«ኮምፒውተርም እኮ እየሞከረ ነው የሚፈታው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እሱ ግን ላጲስ አይጨርስም። የተሰጡት ቁጥሮች ሲያንሱ መገመት ግድ ነው የሚለውም አያስኬድም። በ2012 እ.ኤ.አ. በደብሊን የሒሳብ ሊቁ የጋሪ ማክጓየር ቡድን፣ መልሱ አንድ ብቻ የሆነ ሱዶኩ ቢያንስ 17 ቁጥሮች እንደሚያስፈልጉት በኮምፒውተር ፍተሻ አሳይቷል፤ ከባለ 17ቶቹም ብዙዎቹ በተራ ማጥፋት ብቻ ይፈታሉ።