ፋራው ማን ነው?

(ከሬዲዮ ዝግጅታችን ለመጽሔቱ የቀረበ)

  

የዛሬው ርዕሳችን ከአንድ የሰፈር ስም ይነሳል። አራዳ ከሁሉ በፊት የቦታ ስም ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ እስኪዛወር ድረስ ትልቁ የአዲስ አበባ ገበያ የሚቆመው እዚያ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ውሎ አድሮ ስሙ ከቦታው ወጥቶ ሰው ላይ ዐረፈ። የነቃው፣ አለባበስ ያወቀው «አራዳ» ተባለ፤ ያልሆነለት «ፋራ» ሆነ። አራዳን አራዳ ያደረገው ግን እህሉንና ማሩን ጭኖ ከገጠር የመጣው ባላገር አልነበረምን? በ2016 ዓ.ም. ከአራዳና ከፒያሳ አሮጌ መንደሮች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። «ፋራ» የሚለው ቃል ግን አብሮ አልፈረሰም፤ ቤታችን ድረስ ገብቶ ልጆቻችን ይጠሩበታል።

ገበያ ካነሳን አይቀር በመዲና ገበያ የሆነውን እናስታውስ። ዛሂር (ረ.ዐ) የሚባል የበረሃ ሰው ነበር። መልኩ ዐይን የሚስብ አልነበረም። ወደ መዲና ሲመጣ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአገሩን ስጦታ ይዞ ይመጣል፤ ሲመለስ ደግሞ እርሳቸው ስንቁን ያሰናዱለታል። ዛሂርን ገጠራቸው አድርገው፣ ራሳቸውንም የእርሱ ከተማ አድርገው ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን ዕቃውን ሲሸጥ ከኋላው መጥተው አቀፉት። ማን እንደያዘው ስላላወቀ ልቀቁኝ አለ። ዞር ብሎ ሲያውቃቸው ግን ጀርባውን ከደረታቸው ጋር ይበልጥ አጣበቀ። እርሳቸውም እየቀለዱ የሚገዛው እንዳለ ጮክ ብለው ጠየቁ። ዛሂርም ገዢ የማያገኝ ሸቀጥ እንደሚሆንባቸው መለሰላቸው። እርሳቸው ግን በአላህ ዘንድ ዋጋው ውድ መሆኑን ነገሩት።

የዛሂርን መልስ ቆም ብለን እንየው። በዚያች ሰዓት ማንም አልሰደበውም። ሰው ለመልኩ የሚሰጠውን ዋጋ ግን እርሱ ራሱ ተቀብሎት ኖሯል። የንቀት ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። በአለባበሱና በአነጋገሩ ሲሳቅበት የከረመ ልጅ አንድ ቀን እጁን ማውጣት ይተዋል፤ የሚያውቀውን ጥያቄ እንኳ አይመልስም።

ወደ ፒያሳ እንመለስ። ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ የታወቀች ናት። ወርቅ የሚያውቅ ነጋዴ ቀለበት ሲቀርብለት በማብረቅረቁ አይገዛም፤ ነሐስም ያብረቀርቃልና። በድንጋይ ፍቆ፣ አሲድ አንጠባጥቦ፣ መዝኖ ነው ዋጋ የሚሰጠው። ይኸው ጥንቁቅ ሰው ታዲያ ደንበኛ ሲገባ ጫማውን አይቶ ብቻ ዋጋ ቢያወጣለት ምን ይባላል?

ሰው የሚፈተንበት ድንጋይ ምን እንደሆነ ከዑመር (ረ.ዐ) ተዘግቧል። አንድ ሰው ስለሌላው ሊመሰክር ቀረበ። ዑመርም ጠየቁት፤ የቅርብ ጎረቤቱ ነህን? አብረኸው መንገድ ሄደሃልን? በገንዘብ ተገበያይተኸዋልን? ሰውየው ለሁሉም አይደለም አለ። ምናልባት መስጂድ ውስጥ ራሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ አይተኸው ይሆናል ብለው፣ እንደማያውቀው ነግረው መለሱት። ልብ በሉ፤ ዑመር የማይረባ መልክን ብቻ ሳይሆን ያማረ መልክንም አላመኑም። ሱፍ ለብሶ፣ አንደበቱን አሳምሮ የመጣውን ሁሉ አምነን ገንዘባችንን፣ አንዳንዴም ልጃችንን የምንሰጥ ስንት ነን?

ችሎታን በሚመለከት ከዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ (ረሒመሁላህ) የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ጥቁር፣ አፍንጫቸው ደፍጣጣ፣ አንድ ዐይናቸው የጠፋ፣ እጃቸው የሰለለ፣ የሚያነክሱ ሰው ነበሩ፤ በኋላም ጭራሹን ማየት ተሳናቸው። ከባርነት ነፃ የወጡም ናቸው። እኚህ ሰው የመካ ሙፍቲ ሆኑ። በሐጅ ወቅት ከእርሳቸው በቀር ማንም ፈትዋ እንዳይሰጥ ይታወጅ ነበር። ኸሊፋው ሱለይማን ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ሰላታቸውን እስኪጨርሱ ጠብቆ ስለ ሐጅ ጠየቃቸው፤ ከዚያም ልጆቹን በዒልም እንዲበረቱ አሳሰባቸው።

በአገራችንም ሙያ ያለው እጅ ለረጅም ዘመን ተሰድቧል። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባለ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። በጥበብ ሥራቸው ከሚታወቁት አርጎባዎች ጀምሮ ብዙ ሙስሊም ሸማኔዎች ነበሩና ነገሩ እኛንም ይነካል። ማረሻውን እየገዙ ቀጥቃጩን፣ ኩታውን እየለበሱ ሸማኔውን መናቅ ይገርማል።

በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የቁርአን የአማርኛ ትርጉም ያዘጋጁት ሐጂ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው። ይህን ታላቅ ሥራ የሠሩት በመስጂድና በሐሪማ ኪታብ የቀሩ ዑለማዎች ናቸው። ዳና፣ ገታ፣ ሾንኬ፣ ጀማ ንጉሥ ስንል የምንጠራው ይህንኑ የዒልም ምንጭ ነው። ከዚያ የሚመጣው ደረሳ ጋቢውን ለብሶ፣ የላስቲክ ጫማውን ተጫምቶ፣ በወሎ አነጋገሩ ይናገራል።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት፤ ንጽሕናና ያማረ ልብስ አልተነቀፈም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚህ ሲጠየቁ አላህ ውበትን እንደሚወድ ገልጸው፣ ኩራት ማለት እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ መሆኑን አስረድተዋል። ጁሙዓ ቀን በኒ ኑር መስጂድ በር ላይ ሁላችንም ጫማችንን እናወልቃለን። ውዱም ርካሹም ጫማ ውጭ ይቀራል፤ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እንቆማለን። ችግሩ ሰላት አብቅቶ ጫማችንን ስናጠልቅ ዐይናችንም ወደ ጫማ መመለሱ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ቁርአን የሚያስቀራው ኡስታዝ ነገ ሲመጣ፣ በአነጋገሩ የሚስቅ ልጅ ካለ ዝም አትበሉ። ማን ዘንድ እንደቀራ፣ የትኛውን ኪታብ እንዳጠናቀቀ በልጆቹ ፊት ጠይቁት። ቡናውም ጓዳ በር ላይ ሳይሆን ሳሎን ይቅረብለት።