መኪናው ሲንቀጠቀጥ ምን እንጠይቅ?
(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ኮይል ትባላለች። እዚህ ፔታሕ ቲክቫ፣ ሰጉላም ሆነ ቂርያት አርዬ፣ በዕብራይስጥ «ስሊል ሀጻታ» ይሏታል። ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ጋር ጋራዥ ሄደን እናስተረጉማለን። ነገሩ ካልገባን ግን የምናስተረጉመው ዋጋውን ብቻ ነው።

የባትሪው 12 ቮልት ካንዴላ ላይ እሳት ሊያስነሳ አይችልም። ኮይሏ ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ በአንደኛው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥ በሁለተኛው ከ20,000 ቮልት በላይ ይፈጠራል። ካንዴላው ብልጭ ይላል፣ ቤንዚኑ ይቃጠላል። በአሁኖቹ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ኮይል አለ።

አንዷ ስትበላሽ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ የሞተር መብራት ይበራል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን «እስከ ደሞዝ ልንዳው» አይባልም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያቃጥለዋል፤ የእሱ ዋጋ ደግሞ የኮይልን ብዙ እጥፍ ነው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ኮምፒውተሩ ፒ0302 ካለ፣ ሁለተኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው። ኮይል ተበላሽቷል ማለት ግን አይደለም! ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሁለተኛውና የሦስተኛው ኮይል ይለዋወጣሉ፣ ኮዱ ይሰረዛል፣ መኪናው ይነሳል። አሁን ፒ0303 ከመጣ ጥፋቱ ከኮይሏ ጋር ሄዷል፤ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። እዚያው ከቀረ ካንዴላውንና ኢንጀክተሩን ማየት ነው። ሞተሩ እየሠራ ኮይል መንቀል ግን አደገኛ ነው፤ ማንም እንዳይሞክረው።

ኮይል አትጠገንም፣ ትቀየራለች። ካንዴላውም አብሮ ይታይ፤ ያረጀ ካንዴላ አዲሷንም ኮይል ይገድላታል።

ስለዚህ ጋራዥ ስትሄዱ ሦስት ነገር በሉ፦ «ኤይዜ ጺሊንደር?» ማለትም የትኛው ሲሊንደር ነው? አለዋውጣችሁ አያችሁ? የወጣውን ዕቃ አሳዩኝ። መኪናው አርጅቶ አራቱንም መቀየር የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ ግን ይነገረን።

ወላጆቻችን፣ ልጁ ዕብራይስጥ ስለቻለ ሁሉን ያውቃል አትበሉ፤ ጠይቁን። እኛም «አይገባችሁም» ብለን አናሳጥረው፤ በአማርኛ እናስረዳችሁ። ገንዘቡ የእናንተ ላብ ነው።